ስም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ
የጦር አውሮፕላንንና ሠራተኞቹን ከአሮጌ ፎቶግራፍ ስለ መለየት፥ በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ንግግር



ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር ምእመናን በየሣጥናቸው ያኖሩትን አሮጌ ፎቶግራፍ እንዲያመጡ ይጠየቃሉ። ሲመጣም የክርስትናና የሰርግ፥ የማኅበርና የቅዳሴ ቤት ፎቶግራፍ ብቻ አይመጣም። ከመካከሉ የጦርነቱ ዘመን ይገኝበታል። ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን በሜዳ ላይ ቆሞ፥ ከክንፉ ጥላ በታች አራት ወይም አምስት ነጮች ተደርድረው፥ በዳር በኩልም አንድ የአገራችን ሰው የቤንዚን ቆርቆሮ ይዞ የሚታይበት ፎቶግራፍ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። በጀርባው ወይ ምንም አልተጻፈበትም፥ ወይም «1928» የሚል ቍጥር ብቻ አለበት። ልጆችም እነዚህ እነማን ናቸው ብለው ሲጠይቁ፥ አንዱ «የሙሶሊኒ ልጅ ነው» ይላል፤ ሌላው «ደሴን የመታው ይህ ነው» ይላል፤ በዳር የቆመውንም ሰው «ባንዳ ነበረ» ብሎ የሚፈርድበት አይታጣም። እኔም ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ነገር፥ እንዲህ ያለው ጥያቄ በምን ሥርዓት ሊመለስ እንደሚገባው ነው።

ነገሩ የሥራ ፈት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን በፎቶግራፍ ላይ የሰውን ስም መጻፍ ምስክርነት መስጠት ነው። ያላየነውን ሰው ቦምብ ጣለ ብንል በሐሰት መመስከራችን ነው፤ የሚታወቀውንም ሳንጽፍ ብንተወው ለካጅ በር መክፈታችን ነው። ካጅም እንዳልታጣ ታሪክ ያስረዳል። የኢጣልያ አየር ኃይል ከታኅሣሥ ወር 1928 ዓ. ም. ጀምሮ በኢትዮጵያውያን ላይ የመርዝ ቦምብ እንደ ጣለ የታመመው፥ የተቃጠለውና የሞተው ሕዝብ ያውቅ ነበር፤ በጄኔቫም ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ተነግሮ ነበር። የኢጣልያ መንግሥት ግን በመከላከያ ሚኒስቴሩ አፍ ነገሩን ያመነው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ. ም. ነው፤ ይኸውም ነገሩ ከተፈጸመ ከ60 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ያሳመነውም ጩኸት ብቻ አይደለም፤ አንጄሎ ዴል ቦካን የመሰሉ የታሪክ ሰዎች ከራሱ ከኢጣልያ መዝገብ ቤት ያወጡት ወረቀት ነው። ስለዚህ ቀኑና ቦታው፥ የመሣሪያውም ዓይነት በትክክል ሲጻፍ ለእውነት ጕልበት ይሆነዋል።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። የፎቶግራፍም ነገር ሥር አለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፊቱን አስቀድሞ ስለሚመለከት ነው። ፊት ግን መጨረሻ ነው። ፊተኛው ወረቀቱ፥ ሁለተኛው አውሮፕላኑ፥ ሦስተኛው በአውሮፕላኑ ላይ የተጻፈው ምልክት፥ አራተኛው ቦታውና ጊዜው ነው፤ ሰዎቹ የሚመጡት ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እንግዲህ ከወረቀቱ እንጀምር። ፎቶግራፉን ገልብጣችሁ ጀርባውን ተመልከቱ። «1928» የሚለውን ቍጥር የጻፈው የኢትዮጵያዊ እጅ ከሆነ፥ በፈረንጆች 1935 እና 1936 ማለት ነው። ይህን የማያውቅ የውጭ አገር ሰው ግን እንደ ራሱ አቈጣጠር ያነብበውና ጦርነቱ ገና ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ቀረው ዘመን ይወስደዋል። የጻፈው ኢጣልያዊ እንደ ሆነ ደግሞ ሌላ አቈጣጠር ይገኛል። ፋሽስቶች ሮማን ከያዙበት ከ1922 ጥቅምት ጀምረው የራሳቸውን ዓመት በሮማ ቍጥር ይጽፉ ነበር። ዓመታቸው የሚለወጠው በጥቅምት መጨረሻ ስለ ነበረ፥ አንዱ ጦርነት በሁለት ቍጥር ተከፍሎ ይገኛል። ዐድዋ በቦምብ የተመታችበት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ. ም. በነሱ 13ኛው ዓመት ነው፤ ደሴ የተመታችበት ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ. ም. ግን 14ኛው ዓመት ነው። ስለዚህ በአንድ ፎቶግራፍ ጀርባ የሚገኝ የሮማ ቍጥር ብዙ ክርክር ይቈርጣል። የወረቀቱ ፋብሪካ ስም፥ ለምሳሌ «ፌራንያ» የሚል ማኅተም ቢገኝበት፥ ወረቀቱ በኢጣልያ እንደ ተሠራ ብቻ ይነግረናል፤ ፎቶግራፉ የት እንደ ተነሣ አይነግረንም። ደግሞም ወረቀቱ ከነጋቲቩ ሲታተም ተገልብጦ ታትሞ እንደ ሆነ እንመርምር። በአውሮፕላኑ ላይ ያለው ፊደል ወደ ኋላ የሚነበብ፥ የሰዎቹም ልብስ ቍልፍ በግራ በኩል የገባ ከሆነ፥ ቀኙ ግራ፥ ግራውም ቀኝ ሆኗልና በዚያው ልክ እናስተካክል።

ሁለተኛው አውሮፕላኑ ነው። በዚያ ጦርነት ኢትዮጵያ የነበሯት አውሮፕላኖች ጥቂቶች ነበሩ፤ ሥራቸውም ሰውና መልእክት፥ መድኃኒትና ቍስለኛ ማመላለስ ነበር። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ለቀይ መስቀል ያበርረው የነበረው ፎከር ክንፉ ከላይ የሆነ ነበረ፤ ስለዚህ «ክንፉ ከላይ ነው፥ እንግዲህ የጠላት ነው» ማለት አይበቃም። ሞተሩን መቍጠር፥ እግሩንም ማየት ያስፈልጋል።

ከጠላት ወገን በብዛት የታወቁት የካፕሮኒ ፋብሪካ ሥራዎች ናቸው። ካፕሮኒ 101 ክንፉ ከላይ፥ ሞተሩ ሦስት፥ አንዱ በአፍንጫው ሁለቱ በክንፎቹ ሥር ነው፤ የእግሩም ብረት ተራቍቶ ይታያል። ካፕሮኒ 111 በመልኩ ወንድሙ ሲሆን ሞተሩ አንድ ብቻ ነው። ካፕሮኒ 133 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1934 ነው፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 21 ሜትር ያህል ነው፤ ሦስቱም ሞተሮች እያንዳንዳቸው የ460 ፈረስ ጕልበት ሲኖራቸው፥ በክብ ሽፋን ተሸፍነዋል፤ እግሩም እንደ ሱሪ ያለ ልባስ ለብሷል። እንግዲህ ሽፋኑና የእግሩ ልባስ 133ን ከ101 የሚለዩ ሁለት ምስክሮች ናቸው። ሳቮያ ማርኬቲ 81 ደግሞ እርሱም ባለ ሦስት ሞተር ቢሆን፥ ክንፉ ከታች ስለ ሆነ ከሩቅ ይለያል፤ ጎማዎቹም በትልልቅ ልባስ ውስጥ ናቸው። በበረራ ጊዜ እግሩን ወደ ውስጥ የሚሰበስበው ሳቮያ ማርኬቲ 79 ቢታይ ግን፥ ፎቶግራፉ የ1928 ዓ. ም. ጦርነት አይደለም፤ ይህ ዓይነት ወደዚህ አገር የመጣው እንግሊዞችና ኢጣልያኖች በተዋጉበት በ1932 እና በ1933 ዓ. ም. ጊዜ ነው።

የአውሮፕላኑ ዓይነት ከታወቀ ሌላም ነገር ይታወቃል። ካፕሮኒ 133 ቦምብ ለመጣል ሲሄድ እንደ ደንቡ የሚይዘው ሦስት ሰው ነው። በፎቶግራፉ ላይ ስድስት ሰዎች ቢቆሙ፥ ከነርሱ መካከል መካኒክ ወይም እንግዳ ወይም የሌላ አውሮፕላን ሰው አለ ማለት ነው። ስለዚህ በክንፉ ሥር የቆመው ሁሉ በውስጡ የበረረ አይደለም።

ሦስተኛው ምልክቱ ነው። ዓይነቱ የሚያስታውቀን ወገኑን ነው፤ ምልክቱ ግን አንዱን አውሮፕላን ከወንድሞቹ ይለየዋል። በጅራቱ ላይ የኢጣልያ ሰንደቅ ዓላማ ሦስት ቀለም ተቀብቶ ከታየ ከ1932 ዓ. ም. በፊት የነበረው ልማድ ነው፤ በስተኋላ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ሲጀመር ያ ቀርቶ ነጭ መስቀል ተቀባ። በአካሉ ጎን ትልልቅ ቍጥሮች በሰረዝ ተለይተው ከተጻፉ፥ ብዙውን ጊዜ የፊተኛው የጓዱ ቍጥር፥ የኋለኛው የአውሮፕላኑ ተራ ቍጥር ነው። በጅራቱ አቅራቢያ በትናንሽ ፊደል «ኤም ኤም» ተብሎ የሚጀምር ቍጥር ካለ ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ ይህ አውሮፕላኑ ከፋብሪካ ሲወጣ በጦር ሠራዊት መዝገብ የገባበት ቍጥር ነውና፥ ጓዱን ቢለውጥ እንኳ አብሮት ይኖራል። ይህን ቍጥር በአጉሊ መነጽር ተመልክቶ ያነበበ ሰው፥ ለሮማው የአየር ኃይል የታሪክ ክፍል የሚጽፈው ጥያቄ አግኝቷል ማለት ነው።

አራተኛው ቦታውና ጊዜው ነው። በዚህ ነገር የአገሩን ሰው የሚያህል ሊቅ የለም። የተራራው ጫፍ መስመር በ100 ዓመት አይለወጥም። ከዐድዋ ተራሮች፥ ከአምባ አራዳም ወይም ከጦሳ ሥር ያደገ ሰው ከአውሮፕላኑ ጀርባ ያለውን የሰማይ ዳርቻ ሲያይ፥ ከፈረንጅ ሊቅ ይልቅ ፈጥኖ ያውቀዋል። ሣሩ ለምልሞ ወይም ደርቆ፥ እህሉ ቆሞ ወይም ታጭዶ እንደ ሆነ ወራቱን ያመለክታል፤ የጥላው እርዝመትም ሰዓቱን ያመለክታል። ፎቶግራፉ የሚነግረን አውሮፕላኑ የቆመበትን ቦታ መሆኑን ግን አንርሳ፤ ቦምብ የጣለበት ቦታ ሌላ ነው።

እነሆ አሁን ወደ ሰዎቹ ደረስን። ሰውን በፊቱ ማወቅ እጅግ ያሳስታል። ሁሉም አንድ ዓይነት የበረሃ ልብስ ለብሰው፥ የፀሐይ ቆብ ደፍተው፥ ዐይናቸውን ጨፍገግ አድርገው በቆሙበት ወንድም ከወንድሙ አይለይም። ስመ ጥሩዎቹ ደግሞ ሁሉን ስም ወደ ራሳቸው ይስባሉ። 15ኛው ጓድ «ዲስፔራታ» ይባል ነበር፤ አዛዡ የሙሶሊኒ አማች ጋሌአትሶ ቺያኖ ነበረ፤ አሌሳንድሮ ፓቮሊኒም በዚያ ነበረና ስለዚሁ ጓድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1937 መጽሐፍ አሳትሟል። የሙሶሊኒ ልጆች ቪቶርዮና ብሩኖም በዚሁ ጦርነት በቦምብ ጣይ አውሮፕላን በረዋል፤ ቪቶርዮ በዚያው በ1937 ስለ በረራው የጻፈው መጽሐፍ አለ። የነዚህን ሰዎች ፎቶግራፍ የመንግሥቱ የፊልም ድርጅት ሉቼ በብዛት አንሥቶ ለየጋዜጣው ስለ በተነው፥ ከዚያ ወዲህ ወጣት ነጭ በካፕሮኒ አጠገብ የቆመበት ፎቶግራፍ ሁሉ «የሙሶሊኒ ልጅ» እየተባለ ይጠራል። ስማቸው ያልታወቀው ግን እጅግ ይበልጣሉ። ስለዚህ ስም የምንሰጠው ፊቱ መሰለን ብለን ሳይሆን፥ የአውሮፕላኑ ቍጥር ከመዝገቡ፥ መዝገቡም ከቀኑ ጋር ሲገናኝልን ነው። የማዕረግ ምልክትና የአብራሪነት ንስር በልብሱ ላይ ቢታይ፥ ከመዝገቡ ስሞች መካከል የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ይረዳል፤ ብቻውን ግን ስም አይወልድም።

መዝገብ ከፊት እንደሚበልጥ አንድ የታወቀ ታሪክ ያስረዳል። ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ. ም. ሦስት የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከአዲስ አበባ ተነሥተው በነቀምት አጠገብ ቦናያ በሚባል ሜዳ ወረዱ። በዚያ ሌሊት የጥቁር አንበሳ አርበኞች ደርሰው ወራሪዎቹን ገደሉ፥ አውሮፕላኖቹንም አቃጠሉ። ከሞቱት መካከል የአየር ኃይሉ ጄኔራል ቪንቼንሶ ማልዮኮ፥ ኮሎኔል ማርዮ ካልዴሪኒና አንቶንዮ ሎካቴሊ ይገኙ ነበር፤ ሎካቴሊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1918 ከዳኑንትስዮ ጋር በቪየና ከተማ ላይ የበረረ ዝነኛ ሰው ነው። ከመጡትም አንድ የካቶሊክ ሚስዮናዊ፥ አባ ቦሬሎ፥ በሕይወት ተረፉ። እነዚህ ሰዎች የታወቁት ፊታቸው ስለ ተለየ አይደለም፤ አመድ ከሆነ አውሮፕላን ፊት አይገኝም። የታወቁት ማን እንደ ተላከ አስቀድሞ ስለ ተጻፈ ነው። እንግዲህ የተቃጠለ ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን ያለበት ፎቶግራፍ ቢያጋጥመን፥ ቦናያ ነው ከማለታችን በፊት ሜዳውንና ቍጥሩን እንጠይቅ፤ ከተረጋገጠ ግን ስሞቹ በመዝገብ ይጠብቁናል።

እስካሁን ስለ ነጮቹ ተናገርን። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን በዳር የቆመው፥ የቤንዚን ቆርቆሮ የያዘው ሰው ነገር ነው። ፎቶግራፉን ያነሣው ሰው ስሙን አልጠየቀውም፤ ስሙም ከአውሮፕላኑ ሠራተኞች ጋር በመዝገብ የሚፈለግ አይደለም። ከኤርትራ የተመለመለ አስካሪ ሊሆን ይችላል፤ በቀን ሙያ የተቀጠረ ድኻ ሊሆን ይችላል፤ በግድ የተያዘ እስረኛ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አውሮፕላን ለማየት የመጣ የመንደር ልጅ ሊሆን ይችላል። ከነዚህ ማንኛው እንደ ሆነ ፎቶግራፉ ብቻውን አይናገርም። በአንድ ደብር ጥላ ሥር አብረን የምንኖር ሰዎች ግን፥ ከአንዲት ወረቀት ተነሥተን የጎረቤታችንን አያት ባንዳ ብንለው፥ ያ ቃል እስከ ልጅ ልጅ ይወርዳል፤ ጋብቻ ያፈርሳል፤ ቤት ይለያያል። ስለ ነጩ አብራሪ ስንጠነቀቅ ስለ ወገናችን እንዴት አንጠነቀቅም? «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» የተባለው ለዚህ ነው። የሚያውቀው ሽማግሌ ካለ ይናገር፤ የተናገረውም በቃሉ፥ ከነተናጋሪው ስምና ከተናገረበት ቀን ጋር ይጻፍ። የሚያውቅ ከሌለ «ያልታወቀ የአገር ሰው» ብለን እንጻፍ፤ በዚህ ማንም አይበደልም።

ደግሞም በዚህ ፎቶግራፍ ውስጥ ጨርሶ የማይታዩ ሰዎች አሉ። እነርሱም ከአውሮፕላኑ በታች የነበሩት ናቸው። ደሴ በተመታች ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን፥ እግራቸውን ባልፈነዳ ቦምብ ላይ አድርገው የቆሙበትን ፎቶግራፍ ዓለም ሁሉ አይቶታል፤ ያን ቀን በየቤታቸው የሞቱት ግን ፎቶግራፍ የላቸውም። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ. ም. በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሰፈር በቦምብ ተመታ። በዚያ የሞተው ስዊድናዊ፥ ጉናር ሉንድስትረም፥ ስሙ በየመጽሐፉ ይገኛል። አብረውት የሞቱት ኢትዮጵያውያን ቍስለኞች ግን የሚነሡት በቍጥር ነው፤ ቍጥሩም ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው ሲሄድ ይለያያል። ጣዩ በስሙና በማዕረጉ፥ በሰዓቱና በቦምቡ ክብደት ተመዝግቦ ሳለ፥ ሟቹ በቍጥር እንኳ አለመርጋቱን ልብ በሉ።

ይህን ጕድለት የሮማ መዝገብ ቤት አይሞላውም። ሊሞላው የሚችለው በየደብሩ ያለው ዝክርና ተዝካር፥ የክርስትና ስም የሚያውቀው የንስሐ አባት፥ «አባቴ የወደቀው በዚያ ቀን ነው» የምትለው የእናት ቃል ነው። ስለዚህ በዚህ በኢዮቤልዩ በዓላችን የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፥ ፎቶግራፍ ያለው ሰው በጀርባው የሚያውቀውን ስም በቀስታ በእርሳስ ይጻፍ፤ ቀለም ወረቀቱን ያበላሻል፤ ያየውንና የሰማውንም ይለይ። ሁለተኛ፥ የጠላት አውሮፕላን ያለበትን ፎቶግራፍ ቍጣ ይዞት አይቅደድ፤ ያ ወረቀት ለሟቾቻችን ምስክር ሊሆን ይችላልና። ሦስተኛ፥ አውሮፕላኑ ከታወቀና ቀኑ ከተገኘ በኋላ ሥራው አለቀ አይበል፤ በዚያ ቀን በዚያ ስፍራ ከቤተ ሰባችን የወደቀ እንደ ነበረ ይጠይቅ፥ ስሙንም ከፎቶግራፉ ጋር አያይዞ ያኑር።

ይህን ያደረግን እንደ ሆነ፥ የሚመጣው ትውልድ ፎቶግራፉን ገልብጦ ሲያይ የበራሪውን ስም ብቻ ሳይሆን የወደቀውንም ስም ያነብባል። ደብራችንን ለሚመጣው ኢዮቤልዩ በሰላም ያድርስልን።